በትሩን ሳይሆን አካሄዱን እንመልከት

የላስታ ሰው ያለ በትር ከቤቱ አይወጣም፤ ወደ ላሊበላ የሚመጣውም ተሳላሚ ዳገቱንና ቁልቁለቱን የሚያልፈው በትሩን ተመርኩዞ ነው። ነገር ግን ይህ መልካም ልማድ አንድ ክፉ ደዌ ይሸሽጋል፤ በትሩ የመንገድ ጓደኛ መሆኑ ቀርቶ ሦስተኛ እግር የሆነበትን ሰው ቶሎ ለመለየት ያስቸግራልና። ስለዚህ ለክቡራን አንባቢዎቻችን ጥቂት ምክር ለመስጠት አሰብን።

ደዌው ከጓያ የሚመጣው የእግር ሽባነት ነው። ድርቅ ሌላውን አዝመራ ባጠፋ ጊዜ ጓያ ይተርፋል፤ ሰውም ሁለት ሦስት ወር ያህል ይህንኑ ዋና ምግቡ ያደረገ እንደ ሆነ በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ እግርን የሚያዝዘውን ነርቭ ይጎዳል። ከላስታ በስተደቡብ ባሉት በደላንታና በዳውንት፣ በ1980ዎቹ መጨረሻ ከደረሰው ድርቅ በኋላ፣ ከ2,000 የሚበልጡ ሰዎች በዚህ ደዌ እንደ ተያዙ ሐኪሞች በ1991 ዓ.ም. ጽፈዋል። ይበልጡን የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው።

ሐኪሞች የደዌውን ደረጃ በበትር ይቆጥሩታል፤ ይኸውም በመጀመሪያ ያለ በትር የሚሄድ፣ ሁለተኛ በአንድ በትር፣ ሦስተኛ በሁለት በትር፣ አራተኛም መቆም ተስኖት በእጁ የሚድህ ነው። ቤተ ሰብ ሊያውቀው የሚገባው የመጀመሪያውን ነው። የተጠረጠረውን ሰው በትሩን አስቀምጦ በደልዳላ ሜዳ ባዶ እግሩን ይሂድ፤ ፈጥኖም ይዙር፤ ከተቀመጠበትም እጁን ሳይደገፍ ይነሣ። ተረከዙ መሬት ሳይነካ በጣቶቹ የሚረግጥ፣ ጉልበቶቹም የሚጋጩበት እንደ ሆነ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ይታይ። ሐኪሙም ጉልበቱን በትንሽ መዶሻ መታ ሲያደርገው እግሩ ከልክ በላይ ይፈናጠራል።

ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም፤ እርግማንም አልደረሰበትም። ጡንቻው አልሞተም፤ የጌታው ትእዛዝ በመንገድ ተዛብቶ እንደ ደረሰው ሎሌ ግራ ተጋባ እንጂ። ክንዱና አእምሮው አብዛኛውን ጊዜ ደኅና ናቸው፤ ስለዚህ ተቀምጦ የሚሠራው ሥራ ሊሰጠው ይገባል።

የተጎዳውን እግር እንደ ቀድሞው የሚመልስ መድኃኒት እስካሁን አልተገኘም። ስለዚህ ዋናው ነገር መከላከል ነው፤ ምልክቱ የታየበት ሰው ጓያ መብላቱን ይተው፤ ሌላውም ቤተ ሰብ ቆሎውን፣ ንፍሮውንና እሸቱን ይቀንስ፤ ዱቄቱንም ከገብስ ወይም ከስንዴ ጋር ይደባልቅ። በድርቅ ዘመን የጎተራውን እህል የሚቆጥር ሹምም የሕዝቡን አካሄድ አብሮ ይመርምር፤ እህል ሊታደል የሚገባው ሁለተኛው በትር ከመነሣቱ በፊት ነውና።