የዓሣው ዕጢ ሳይታዘዝ መረብ አይዘርጋ

እንደሚታወቀው ክረምት ሲገባ ከጉና ተራራ የሚነሣው የርብ ወንዝ ሞልቶና ደፍርሶ ከይፋግ በስተደቡብ ያለውን ሜዳ እያቋረጠ ጣና ይገባል። በዚሁ ጊዜ ነጭ ዓሣ በወንዙ አፍ ይሰበሰብና ሽቅብ ተጉዞ ጠጠርና ንጹሕ ውሃ ባለባቸው ገባሮች እንቁላሉን ይጥላል። አጥማጁም ይህን ስለሚያውቅ መረቡን የሚዘረጋው እዚያው አፉ ላይ ነው። ለመሆኑ ለዓሣው ወቅቱን የሚነግረው ማን ነው? የልማት ሠራተኛ ይህን መመለስ መቻል አለበት ብዬ አምናለሁ።

መልሱ ያለው ከአንጎል ሥር በምትገኝ ፒቱታሪ በምትባል ትንሽ ዕጢ ውስጥ ነው። የዕጢዋ ሕዋሶች እንደ ባትሪ በውስጥና በውጭ መካከል የኤሌክትሪክ ልዩነት አላቸው፤ መጠኑም በሺኛ ቮልት የሚለካ ነው። ዓሣው ደርሶ ሁኔታው ሲመቸው አንጎል በነርቭ በኩል መልእክት ይልካል። ያን ጊዜ በሕዋሱ ግድግዳ ላይ ያሉ ጥቃቅን በሮች ተከፍተው ካልሲየም ይገባል፤ ተከማችቶ የቆየው ሆርሞንም ወደ ደም ይለቀቃል፤ እንቁላሉም ይበስላል። በአምባዛና በሌሎች በርካታ ዓሦች ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር እንደ ፍሬን ሆኖ ይህን ሥራ ይገታል። እንዲህ ያለውን ኤሌክትሪክ በቀጭን የመስታወት ቱቦ የሚለካውን ዘዴ ኔኸርና ሳክማን የተባሉ ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ1976 አስተዋውቀው በ1991 የኖቤል ሽልማት አግኝተዋል።

«ዕጢውን ካወቅን በመርፌ እናራባለን፤ ወንዙን መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል?» የሚሉ አሉ። በእርግጥ በብራዚል እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ የፒቱታሪ ጭማቂ እየተወጋ ዓሣ ተራብቷል፤ አምባዛና ካርፕም በዚህ ዘዴ ይራባሉ። ነገር ግን መርፌው የሚሠራው እንቁላሏ በደረሰ እናት ዓሣ ላይ ብቻ ነው። ማራቢያ ጣቢያና የሠለጠነ ሰውም ይፈልጋል። የኩሬ አምባዛ ቢበዛም የጣናን ነጭ ዓሣ አይተካም፤ ከ15 የማያንሱት ዝርያዎቹ በሌላ ሐይቅ አይገኙምና።

ሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ እ.ኤ.አ. በ1986 ወደ ጣና ከገባ ወዲህ ጉዳቱ ታይቷል። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጀመሪያ እስከ 2001 በተደረገው ክትትል የነጭ ዓሣው ብዛት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል። ዓመቱን ሙሉ ስትዘጋጅ የቆየች ዓሣ እንቁላሏን ልትጥል ጥቂት ቀን ሲቀራት ከተያዘች የሚጠፋው አንድ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የመጪዎቹ ዓመታት ምርት ጭምር ነው።

ሐምሌና ነሐሴ ጎተራ የሚጎድልበት ወቅት በመሆኑ «መረብህን አንሣ» ማለት ቀላል አይደለም። የዓሣ ሀብት አዋጅ ቁጥር 315/1995 ቢወጣም ሕግ ብቻውን ወንዝ ዳር አይቆምም። ስለዚህ ውሳኔው የማኅበሩ የራሱ ቢሆን ይበጃል። በበኩሌ የሚከተሉትን አሳስባለሁ፤

1. ከሐምሌ እስከ ጥቅምት በርብና በጉማራ አፍ መረብ አይዘርጋ፤ አባላት ከወንዝ አፍ ርቀው ቀረሶ ያጥምዱ።

2. በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማጥመድ ፈጽሞ ይቁም።

3. ዓሣው እንቁላል ከሚጥልባቸው ገባሮች አሸዋና ጠጠር አይዛቅ።

4. ማኅበሩ በበጋ ከሚያገኘው ገቢ ለክረምት ማለፊያ የሚሆን ቁጠባ ያስቀምጥ።

ዕጢዋ ሥራዋን የምትሠራው በራሷ ጊዜ ነው። ከእኛ የሚጠበቀው ያን ጊዜ መንገዱን መልቀቅ ነው።