ከ2005 ወዲህ ያልተከፈተ ኮሮጆ

ጥቅምት 25 ቀን 2018 ዓ.ም. የ34 ዓመቱ ዞህራን ማምዳኒ የኒው ዮርክ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ። በማግስቱ የአዲስ አበባ ወጣት ስልክ ላይ ሌላ ወሬ ያለ አይመስልም ነበር። ካምፓላ የተወለደ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ ሶሻሊስት ነኝ ይላል፣ አንድሪው ኩሞን የሚያህል የቀድሞ አገረ ገዥ በአምስት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ጥሎታል። ደስ የሚል ነገር ነው፤ ማንም ደስ አይበላችሁ አይልም። ግን "የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች" የተባለው እንዲህ ላለው ቀን ነው።

ማምዳኒ ከሰማይ አልወረደም። ፖለቲካ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ቤታቸውን በባንክ ዕዳ ሊነጠቁ የደረሱ ሰዎችን የሚያማክር ሠራተኛ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ለኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት ሲወዳደር በወንበሩ ላይ የነበረችውን የገዛ ፓርቲውን እንደራሴ ያሸነፈው በጥቂት መቶ ድምፅ ነው። በ2021 ዕዳ ካጎበጣቸው የታክሲ ሾፌሮች ጋር 15 ቀን የረሃብ አድማ መታ። ለከንቲባነት ሲቀርብ የያዘው ጉዳይ በጣት የሚቆጠር ነው፦ ኪራይ አይጨመር፣ አውቶቡስ በነጻ ይሁን፣ የሕፃናት መዋያ ለሁሉም ይዳረስ፣ ከተማው ራሱ የምግብ ሸቀጥ መሸጫ ይክፈት። ስለ ፍልስጤም ያለውን አቋም አልደበቀም። ደጅ ለደጅ ሲዞር የከረመው ግን ስለ ኪራይ እያወራ ነው።

ኪራይ ማለቱም አለምክንያት አልነበረም። በኒው ዮርክ ኪራያቸው በሕግ የሚወሰን አንድ ሚሊዮን ገደማ ቤቶች አሉ። በየዓመቱ ምን ያህል ይጨመር የሚለውን የሚወስነው ዘጠኝ አባላት ያሉት ቦርድ ነው፤ አባላቱን የሚሾመው ደግሞ ከንቲባው ነው። ስለዚህ የኒው ዮርክ ተከራይ ድምፅ ሲሰጥ በቀጥታ በሚከፍለው ኪራይ ላይ ነው የሰጠው።

አሁን ወደ አገር ቤት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የሚባል ሕግ አለ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ አከራይ በፈለገው ጊዜ የፈለገውን አይጨምር ይላል። ወረቀቱ ላይ ሲነበብ ከማምዳኒ ቃል ብዙም አይርቅም፤ እንዲያውም እሱ ገና ቃል ሲገባ አዲስ አበባ ሕግ ነበራት። አዋጁ ግን የሚኖረውም የሚሞተውም ወረዳ ላይ ነው። ተከራይ ውሉን ይዞ የሚሄደው ወረዳ ነው። አከራዩ በወረቀት ሌላ ዋጋ አስጽፎ በጎን ሌላ ሲቀበለው አቤት የሚለው ወረዳ ነው። ከመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠውን ሰው ማን መረጠው? ማንም። ያንን ሰው ይቆጣጠራል የሚባለውን የወረዳ ምክር ቤትስ? እሱንም የዛሬው ተከራይ አልመረጠውም።

ነገሩ የተረሳ ስለሚመስል ይቆጠር። የመጨረሻው የቀበሌና የወረዳ ምርጫ የተካሄደው ሚያዝያ 6 እና 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። የተመራጮቹ ዘመን አምስት ዓመት ነበር። በ2010 መካሄድ የነበረበት ምርጫ በዓመት ተራዘመ። በ2011 ደግሞ ከጠቅላላው ምርጫ ጋር ይሆናል ተብሎ ዳግመኛ ተራዘመ። ከዚያ ኮሮና መጣ፣ ጦርነት መጣ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ጠቅላላ ምርጫ ሲደረግ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ ምክር ቤቶች ተመረጡ፤ ቀበሌና ወረዳ የሚባለውን ግን ያነሳው አልነበረም። 2018 ሲጠባም ኮሮጆው እንደተዘጋ ነበር።

በዚህ መሀል በ2005 ምርጫ መቀመጫዎቹን ጠራርጎ የወሰደው ኢሕአዴግ ራሱ በ2012 ከስሞ በሌላ ፓርቲ ተተካ። ሕዝብ የመረጠው ድርጅት የለም፣ የመረጣቸው ሰዎች ዘመናቸው ካለፈ ቆይቷል፣ ብዙዎቹም በቦታው የሉም። ሹመቱ በምደባ ሆኗል። አንዱ ሊቀ መንበር ይነሣል፣ ሌላው ይመደባል፣ ነዋሪው የሚያውቀው ማኅተሙ ሲለወጥ ነው።

በዕድሜ ሲሰላ ደግሞ ይከፋል። በሚያዝያ 2005 አሥራ ስምንት ዓመት የሞላው ወጣት በ2018 ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። እንግዲህ በኢትዮጵያ ከሠላሳ ዓመት በታች የሆነ አንድም ሰው ለቀበሌው ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። በአብላጫው ከሠላሳ በታች በሆነ ሕዝብ መካከል ማለት ነው። ስለ መወዳደርማ አይነሣ።

"ቀበሌ ምን ያደርጋል" የሚል አንባቢ አይጠፋም። አዲስ አበባ ውስጥ ቀበሌ በስሙ ቀርቶ ወረዳ ከሆነ ቆይቷል፤ ሰው ግን ዛሬም ቀበሌ ይለዋል፤ ልክ ነው። መታወቂያ የሚሰጠውም የሚከለክለውም እሱ ነው። ሴፍቲኔት ውስጥ ማን ይግባ የሚለው ስም ዝርዝር የሚጀምረው ከእሱ ነው። የቀበሌ ቤት፣ የሥራ አጥ ወጣት መደራጃ፣ የመሸጫ ሼድ፣ ሁሉም በእሱ በኩል ያልፋል። ገጠር ላይ የመሬት ደብተርና የማዳበሪያ ዝርዝር ነው፤ ማለትም ሕይወት ነው። ለልማት ቤት ሲፈርስ መጀመሪያ በር የሚያንኳኳው የወረዳ ሰው ነው፣ ምትክ ቤት ለማን ይገባል የሚለውን ማስረጃ የሚያቀርበውም እሱ። ፓርላማ የሚወጣ አዋጅ ወደ ሰው ኩሽና የሚደርሰው በዚህ መስኮት ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለእነዚህ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ይላል። ያለ ምርጫ "በቀጥታ መሳተፍ" ምን እንደሆነ የሚያብራራ ባለሥልጣን ቢገኝ ደግ ነበር። ስብሰባ ተጠርቶ መጨብጨብ ከሆነ እሱ አልጎደለም።

ለመዘግየቱ የሚሰጡት ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ፀጥታ ነው፤ ይህኛው እውነት አለበት። አማራና ኦሮሚያ ውስጥ ኮሮጆ ቀርቶ ደብዳቤ የማይደርስበት ቀበሌ አለ። ግን በ2013ም ትግራይ አልመረጠችም፤ ሶማሌና ሐረሪ የመረጡት በመስከረም 2014 ነው። ለፓርላማ ሲሆን በሚቻልበት ይካሄድ ከተባለ፣ ለቀበሌ ሲሆን ሁሉም ቦታ ሰላም እስኪወርድ ይጠበቅ የሚባለው በምን ሒሳብ ነው? ሁለተኛው ወጪ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 የአዲስ አበባ መራጭ ሁለት ወረቀት ተሰጥቶታል፣ አንዱ ለፓርላማ፣ ሌላው ለከተማው ምክር ቤት። ሦስተኛ ወረቀት መንግሥት አያደኸይም። ሦስተኛው ምክንያት በአደባባይ አይነገርም፣ በሻይ ቤት ግን ይሰማል፦ ወጣቱ ገና አልበሰለም። ይኸው ወጣት ግን ባንዲራ ይዞ ለድጋፍ ሰልፍ ሲጠራ፣ በሊግ ሲደራጅ፣ ችግኝ ሲተክል በስሎ ይገኛል። ለሰልፍ የበሰለ፣ ለመቀመጫ ጥሬ!

ኬንያ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሦስት ጊዜ 47 የካውንቲ ገዥዎችንና 1,450 የቀጠና ተወካዮችን መርጣለች። ሌብነት አለ፣ ጎሰኝነት አለ፣ ሙስና ከናይሮቢ ወደ ካውንቲ ወረደ እየተባለ ይሾፋል። ቢሆንም የሰረቀውን ሰው በአምስት ዓመቱ የሚያወርዱበት ቀን አላቸው።

ጣት ግን ወደ መንግሥት ብቻ አይጠቆምም። የኢትዮጵያ ተቃዋሚ ፓርቲዎች በሽታ አንድ ነው፤ ሁሉም ከአራት ኪሎ ይጀምራሉ። ቅንጅት በ1997 ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ትልቅ ድል ነበር። ክርክሩ ሁሉ ፓርላማ እንግባ አንግባ ሆነና ከተማዋ ሳትያዝ ቀረች፤ መሪዎቹ ታሰሩ፣ አዲስ አበባም በባለአደራ ስትተዳደር ከረመች። ጥፋቱ የአሳሪው መሆኑ አያከራክርም። የተቃዋሚው ጥፋት ግን ከተማዋን የፓርላማው ምርቃት አድርጎ ማየቱ ነው። ቆሻሻ፣ ውኃና ቤት ላይ ሠርቶ ለማሳየት ከ137 መቀመጫ የበለጠ ዕድል ከዬት ይመጣል? ከዚያ ወዲህም ትምህርት አልተወሰደም። የትኛው ፓርቲ ነው የቀበሌ ምርጫ ይካሄድ ብሎ የዘመቻው ዋና ጥያቄ ያደረገው? መግለጫ መሐል አንድ ዓረፍተ ነገር መወርወር ዘመቻ አይባልም።

ለፍትሕ ሲባል፣ ሜዳውም ሆን ተብሎ የተበላሸ ነበር። ከ2000 ምርጫ በፊት የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ እስከ 300 እንዲደርስ ተደረገ። በአገር አቀፍ ደረጃ ሲደመር 3.6 ሚሊዮን ገደማ መቀመጫ ሆነ። ለአንድ ቀበሌ ሦስት መቶ ተመራጭ! ሲሰሙት ዴሞክራሲ የበዛ ይመስላል፤ ሥራው ሌላ ነበር። ሚሊዮኖችን በዕጩነት ማቅረብ የሚችል ከገዥው ፓርቲ በቀር ማን አለ? ኅብረትና ኦፌዴን ዕጩዎቻችን እንዳይመዘገቡ ተከለከሉ ብለው ወጡ፣ ኢሕአዴግና አጋሮቹም ከመቶ ከ99 በላይ የሆነውን ወሰዱ። በ2005 ደግሞ 33 ፓርቲዎች አንሳተፍም አሉ። ሦስት መቶ ሰው የሚሰበሰብበት ምክር ቤት አይከራከርም፤ ያጨበጭባል፤ አብዛኛውም ካድሬ ሆኖ ይቀራል። ነገ የቀበሌ ምርጫ ቢጠራ መጀመሪያ መቆረጥ ያለበት ይህ ቁጥር ነው። አሥራ አምስት ሰው ይበቃል፣ ሃያም ይበቃል። ያን ጊዜ አንዲት የ26 ዓመት ነርስ ወይም አንድ የሰፈር መምህር ያለ ፓርቲ ሊወዳደሩ ይችላሉ፤ ጎረቤት ያውቃቸዋል፣ ፖስተር እንኳ አያስፈልጋቸውም።

ከዚህ ቀጥሎ ወጣቱ ራሱ አለ። መቶ ሺህ ተከታይ ያለው የፖለቲካ ቲክቶከር የኒው ዮርክን ክፍለ ከተሞች በስም ይጠራል፤ የወረዳውን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ስም ቢጠየቅ ግን አያውቅም። የወረዳው የዓመት በጀት ስንት እንደሆነ ጠይቆ አያውቅም፤ ቢጠይቅ እንኳ የሚሰጠው ባይኖር፣ አለመስጠታቸው ራሱ ቪዲዮ ይወጣው ነበር። ተራማጅነት ለእሱ የሐሳብ ጌጥ ሆኗል፦ ስለ ሴቶች መብት፣ ስለ አየር ንብረት፣ ስለ ድሆች የሚናገር። እሱ በሚኖርበት ሰፈር ሴቶች ከመሸ በኋላ የሚፈሩት መንገድ መብራት እንዲገባለት ማመልከቻ የጻፈው ግን የዕድሩ ሊቀ መንበር ነው፣ እሳቸውም ሰባ ዓመታቸው ነው።

ወላጆች ልጆቻቸውን "ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ" ብለው ያሳደጉት ደግሞ በከንቱ አልነበረም። "ተራማጅ" የሚለው ቃል ራሱ ጠባሳ አለበት። በ1967 የዕድገት በኅብረት ዘማች ሆኖ ገጠር የወረደው ተማሪ ገበሬውን በማኅበር ያደራጀው በዚህ ስም ነው። በዚያው ዓመት የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የወረሰው አዋጅ ቁጥር 47 ቀበሌን ወለደ። ቀበሌው እግሩ ሳይጠና የኢሕአፓና የመኢሶን መሻሚያ ሆነ፣ ቀጥሎ የአብዮት ጥበቃ ጠመንጃ ገባበት፣ ጓዳው እስር ቤት ሆነ። የዛሬ አያቶች ቀበሌ ሲባል የሚታያቸው ያ ነው። ያ ትውልድ ቀበሌ ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከዛሬው ወጣት አሥር እጥፍ ገብቶት ነበር፤ ያልገባው ነገር ቢኖር ያን ኃይል በድምፅ መያዝና በድምፅ መልቀቅ ነው። ለዚህ ፍርሃት መድኃኒቱ ከቀበሌ መሸሽ ሳይሆን ቀበሌውን በምርጫ መግራት ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ግን አንዱ ሥርዓት ለሌላው እንደ ርስት ሲያወርሰው ኖረ። ደርግ የሠራውን መዋቅር ኢሕአዴግ አላፈረሰውም፤ ተመቸው። ከኢሕአዴግ የተረከበውም እንደዚያው።

በነገራችን ላይ፣ ከማምዳኒ አምስት ዓመት ቀድሞ አንድ ሌላ ወጣት ነበር፤ ስለ እሱ ቲክቶክ ብዙ አላወራም። ኦባላ ኦባላ ይባላል። ከጋምቤላ በልጅነቱ ተሰዶ ኬንያ ውስጥ በስደተኞች ጣቢያ ኖረ፤ አሜሪካ ገብቶ ዜግነት ባገኘ በዓመቱ፣ በ2020 እ.ኤ.አ.፣ ኦስቲን የምትባል የሚኒሶታ ከተማ ነዋሪዎች ለከተማቸው ምክር ቤት መረጡት። በትውልድ ስፍራው ለቀበሌ ልወዳደር ቢል በዚያ ዓመት የሚመዘገብበት ምርጫ አልነበረም። የምርጫ ሕጉ ለዕጩነት 21 ዓመት ይበቃል ይላል። ምርጫ ቦርድ የወረዳና የቀበሌ ምርጫ የሚካሄድበትን ወር ያሳውቅ፤ ለፓርላማ ድምፅ ስጡኝ ብሎ የሚመጣ ዕጩም፣ የየትኛውም ፓርቲ ይሁን፣ ስለ ባሕር በርና ስለ ጂኦፖለቲካ ንግግሩን ከመጀመሩ በፊት ያንን ወር ይጠየቅ።