ፍሬን የበጠሰ ሴል



ባለፈው ሴሚስተር እናቴ ደውላ፣ «ለእህትህ ትምህርት ቤት የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ሊሰጧት ነው። መካን ያደርጋል ይባላል፤ አንተ ተምረሃል፣ ምን ትላለህ?» አለችኝ። የምማረው ሲቪል ምህንድስና ነው። «ጠይቄ እደውላለሁ» ብዬ ዘጋሁና ዶርም የምንጋራውን የሕክምና ተማሪ ያዝኩት። መልሱን ከፒ53 ጀመረ።

ፒ53 ሴሎቻችን ውስጥ ያለ ፕሮቲን ነው። የሴል ዲ ኤን ኤ ሲጎዳ ፒ21 የተባለ ሌላ ፕሮቲን እንዲመረት ያደርግና ክፍፍሉን ያስቆማል። ጉዳቱ ከተጠገነ ሥራው ይቀጥላል፤ ካልተጠገነ ሴሉ ራሱን እንዲያጠፋ ይደረጋል። ፍተሻ ባላለፈ ምሰሶ ላይ ሶሌታ አይሞላም ብሎ ድርቅ የሚል ተቆጣጣሪ መሐንዲስ በሉት። በሰው ላይ ከሚከሰቱ ካንሰሮች በግማሽ ያህሉ የዚህ ፕሮቲን ዘረ መል ተበላሽቶ ይገኛል። እኛ ሁለት ቅጂ ሲኖረን ዝሆን ግን 40 ያህል አለው። ሱብሓነላህ!

አደገኞቹ የኤች ፒ ቪ ቫይረስ ዝርያዎች ኢ6 በተባለ ፕሮቲናቸው ፒ53ን ያስፈርሳሉ፤ በኢ7 ደግሞ አር ቢ የተባለውን ሌላ ፍሬን ይፈታሉ። እንዲህ ፍሬን የበጠሰ ሴል ከዓመታት በኋላ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ክትባቱ ውስጥ ያለው የቫይረሱ ባዶ ቅርፊት ነው፤ ዘረ መል የለውም፣ ኢ6ም የለበትም። መካን ያደርጋል የሚያሰኝ ማስረጃም የለም። አገራችን ክትባቱን በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምራለች።

«ልጆቻችን ጨዋ ናቸው፣ ምን ያደርግላቸዋል?» ሲባል እዚሁ ግቢ ሰምቻለሁ። ቫይረሱ ያለ ምንም ምልክት ሰው ላይ ይቆያል። በሐላል ኒካሕ የገባች እህት ከባሏ ሊተላለፍባት ይችላል። ስለ እሷ ጨዋነት ስናወራ ስለ ወንዱ ዝም ማለታችን ይገርመኛል።

ጀመዓችን ሳይንስና እስልምና የሚል ፖስተር ለመለጠፍ ሰንፎ አያውቅም። ይህን ወሬ የሚመልስ ግን አንድም ምሽት አላዘጋጀንም። የሕክምናና የፋርማሲ ተማሪዎቻችን ከጁሙዓ በኋላ 20 ደቂቃ ይሰጣቸው፤ ለእረፍት ወደየቀያችን ከመበተናችን በፊት ቢሆን ይመረጣል። እዚያ የሚጠይቁን እናቶች አሉ።

እህቴ ተከትባለች። ክንዷን አንድ ቀን አመማት።