ጎማን ማሸግና ጎማን መጠበቅ አንድ አይደሉም



በማኅበራችን አባሎች ዘንድ የሞተር ብስክሌት ቁጥር እየጨመረ መሄዱን ሁላችንም እናያለን። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ካይሮ ውስጥ ሜትሮው ሥራውን ካቆመ በኋላ ለሌሊት ተረኝነት ሆስፒታል መድረስ ያለበት ተማሪ በየቀኑ ታክሲ የሚከፍልበት ኪስ የለውም። ስለዚህ ሁለትና ሦስት ሆነን ገንዘብ አዋጥተን ያገለገለ ሞተር እንገዛለን። ከሞተሩ ጋር አብሮ የመጣ አንድ ልማድም አለ፤ እሱም በጎማው ውስጥ ማሸጊያ ፈሳሽ አፍስሶ ነገሩን መርሳት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልናነሣው የፈለግነው ይህንኑ መርሳት ነው።

በመጀመሪያ ለፈሳሹ የሚገባውን እንስጠው። ብዙዎቹ ዓይነቶች ግላይኮል ከሚባል ፈሳሽና ከደቃቅ ክሮች የተሠሩ ናቸው፤ ሌሎቹ ደግሞ ላቴክስ አላቸው። በነፋስ መሙያው በኩል ይገባና ጎማው ሲሽከረከር የውስጡን ገጽ ይቀባል። ሚስማር ሲወጋው የታመቀው ነፋስ ፈሳሹን ወደ ቀዳዳው ይገፋዋል፤ ክሮቹም እዚያው ተጠላልፈው ይደፍኑታል። ሕክምና ለምንማረው ለኛ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ደም ሲረጋ ፋይብሪን የሚባለው ክር የሚሠራውም ይህንኑ የመሰለ ሥራ ነው። ከመነዳሪ በሌለው ጎማ ላይ፣ መሬት በሚረግጠው ወገን ለገባ ቀጭን ሚስማር ፈሳሹ በእርግጥ ይጠቅማል። በሌሊት መንገድ ላይ የፊት ጎማው በድንገት ባዶ የሆነበት ሰው ምን እንደሚገጥመው የሚያውቅ ሁሉ ይህን ጥቅም አይንቅም።

ሁለተኛው ነገር ባላንስ ነው። የማንኛውም ጎማ ክብደት በዙሪያው ፍጹም እኩል አይደለም። ከባዱ ወገን በፍጥነት ሲዞር መንኮራኩሩን ያነጥረዋል። ጎሚስታው ይህን የሚያስተካክለው በቀላሉ ወገን በቸርኬው ላይ ትንሽ ክብደት በመለጠፍ ነው። ፈሳሹም ይህን ሥራ በራሱ ይሠራል ይባላል። ነገሩ በመርሕ ደረጃ ሐሰት አይደለም፤ መንኮራኩሩ በሞላው ላይ ይበልጥ ከሚነጥርበት ፍጥነት በላይ ሲዞር፣ በውስጡ በነጻ የሚንቀሳቀስ ነገር ከከባዱ ወገን ተቃራኒ ወደሆነው ያደላል። ከዚያ ፍጥነት በታች ግን ነገሩ ይገለበጣል። ሞተሩ ሲቆም ደግሞ ፈሳሹ ወደ ታች ይጠራቀማል። እንግዲህ በመኪና ሰልፍ መካከል እየተሹለከለከ ለሚውል ሰው ይህ ባላንስ ምን ያህል ይፈይዳል?

አሁን ወደ ግለ ሂስ እንመጣለን። እኛ ሦስታችን በጋራ በገዛነው ሞተር የኋላ ጎማ ውስጥ ላቴክስ ያለው ፈሳሽ ጨመርን። ከዚያ በኋላ ነፋሱን ያስለካ አልነበረም። አንደኛው ሌላው ያስለካል ብሎ ያስባል፤ ሌላውም እንደዚሁ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሞተሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ፈሳሹ ቦታውን ሲይዝ ይተወዋል» ተባባልን። አንድ ማለዳ፣ ከሌሊት ተረኝነት ሲመለስ፣ ከሦስታችን አንዱ ቀለበት መንገድ ላይ ጎማው ተፈታበትና ወደቀ። የራስ ቁር በማድረጉ ጭንቅላቱ ተረፈ፤ የቀኝ እጁ አንጓ ግን ተሰበረ። የዚህ ወንድማችን ምኞት ቀዶ ሐኪም መሆን ነው። ጎሚስታው ጎማውን ሲፈታው በውስጡ ዝጎ የተጣመመ ሚስማር ተገኘ፤ ፈሳሹም ደርቆ የላስቲክ ፍርፋሪ ሆኗል። ጎማው የወደቅን ዕለት አልተወጋም፤ ከብዙ ሳምንታት በፊት ተወግቶ፣ ታሽጎ፣ ነፋሱን በቀስታ ሲያጣ ቆይቷል። ነፋስ ያነሰው ጎማ እየተጣጠፈ ይግላል፤ የካይሮ በጋ ሲጨመርበት ጉዳቱ ይብሳል።

ጥፋቱ የፈሳሹ አይደለም፤ የኛ ነው። ሆዱን ለሚያመው ሰው ምክንያቱን ሳይመረምር ማስታገሻ ሰጥቶ የሚሸኝ ሐኪም ምን እንደሚባል በክፍል ተምረናል። እኛ በጎማችን ላይ ያደረግነው ይህንኑ ነው። መንቀጥቀጡ ምልክት ነበር፤ እኛ ግን ዝም በል አልነው።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ታዲያ ፈሳሹ ይቅር ነው የምትሉት?» ብለው ጠይቀውናል። አይደለም። ፈሳሹ እንደ መጀመሪያ እርዳታ ይኑር፤ ነገር ግን የሚከተሉት አብረውት ይኑሩ።

አንደኛ፣ የጎማ ነፋስ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሞተሩ ሳይነሣ ጎማው ቀዝቃዛ እንደሆነ ይለካ። ሲለካም መሙያው ወደ ላይ ይሁን፤ ወደ ታች ከሆነ ፈሳሹ መለኪያውን ይደፍነዋል።

ሁለተኛ፣ ፈሳሹ የገባበት ቀን ተጽፎ በሞተሩ ላይ ይለጠፍ። ላቴክስ ያለው በወራት ውስጥ ይደርቃል።

ሦስተኛ፣ ሚስማር የወጋው ጎማ ተፈትቶ ከውስጥ ይጠገን። ከ6 ሚሊሜትር የሰፋ ቀዳዳ ወይም በጎኑ የተወጋ ጎማ ግን አይጠገንም፤ ይጣላል።

አራተኛ፣ የሚንቀጠቀጥ ሞተር ምክንያቱ ሳይታወቅ አይነዳ።

አምስተኛ፣ የራስ ቁር ለተሳፋሪም ጭምር ይሁን። በ2008 የወጣው የኮክሬን ግምገማ እንዳሳየው የራስ ቁር የመሞትን አደጋ በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ ይቀንሳል።

ይህን ለመፈጸም ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ስለሆነም የማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ ከመረዳጃው ገንዘብ አንድ የነፋስ መለኪያና አንድ የእግር ፖምፓ ገዝቶ በማኅበሩ ክፍል እንዲያስቀምጥ እንጠይቃለን። ለሞተር ባለቤቶች ሁሉ ተራ ይውጣ፤ የለካውም ሰው ስሙን ይፈርም። የጋራ ንብረት ኃላፊው ካልታወቀ ማንም እንደማይጠብቀው እኛ ተምረናል። ትምህርቱን የከፈለው ግን ከሦስታችን አንዱ ብቻ ነው፤ ጄሶው እስኪፈታለት ድረስ ማስታወሻውን የምንጽፍለት እኛ ነን።