ሠዓሊው አይከሰስ፤ ቸልታችን ይከሰስ

ከካህናትም ከተማሩ የከተማ ሰዎችም ዘንድ አንድ ክስ ዘወትር ይሰማል። ይኸውም፥ የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕል ያበላሹት ባሕር ተሻግረው የተማሩ ሠዓልያን ናቸው፤ አገኘሁ እንግዳ ከፓሪስ፥ አለ ፈለገ ሰላም ከቺካጎ፥ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌም ከለንደን ይዘውት የመጡት ትምህርት የአባቶችን ሥርዓት አፈረሰ የሚል ነው። ክሱ ለሃይማኖት ከመቅናት የመጣ ስለ ሆነ ብዙ ሰው ያለ ምርመራ ይቀበለዋል። እኛ ግን ተከሳሹ ያለ ጥፋቱ ቆሟል፥ ጥፋተኛውም በሸንጎው መካከል ተቀምጦ ይፈርዳል እንላለን።

አስቀድመን የከሳሾችን እውነት አንክድም። የጥንቱ ሠዓሊ ጻድቁን ፊቱን መልቶ በሁለት ዐይን፥ ኃጥኡን ግን ወደ ጐን አዙሮ በአንድ ዐይን ይሥለው ነበር። ፊደል ያልቈጠረው ምእመን ሥዕሉን ባየ ጊዜ የእግዚአብሔር ወዳጅ ማን፥ ጠላቱም ማን እንደ ሆነ በዐይን ቍጥር ይለይ ነበር። የአውሮፓ ትምህርት ግን ሰውን እንደ አቋሙና እንደ ወደቀበት ብርሃን እንጂ እንደ ግብሩ አይሥለውም፤ ስለዚህ ይሁዳም እንደ ጴጥሮስ ሁለት ዐይን አገኘ። ይህ እውነተኛ ጕዳት ነው፤ ማንም አያቃልለው።

ነገር ግን ከባዕድ እጅ የመጣ ጥበብ ሁሉ ርኩስ ነውን? ሰሎሞን ቤተ መቅደስን ባሠራ ጊዜ የናሱን ሥራ የሠራለት ከጢሮስ የተጠራው ኪራም አልነበረምን? ሩቅ ሳንሄድ፥ ኵርዐተ ርእሱ የተባለው የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታ ሥዕል በአውሮፓ ስልት የተሣለ ነው። ነገሥታቶቻችን ግን በዘመቻ ይዘውት ይወጡ፥ በፊቱም መኳንንቱን ያስምሉ ነበር። በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከመቅደላ በወሰዱት ጊዜ የተዘረፈው የኢትዮጵያ ቅርስ ነው እንጂ የፈረንጅ ዕቃ ነው የሚል የለም። እንግዲህ አባቶቻችን የባዕድን ጥበብ አልፈሩም፤ ተቀብለው የራሳቸው አደረጉት።

ከሳሾቹ የሚጠሉት የፈረንሳይ ትምህርትም ቢሆን እንዲሁ በቀላሉ የሚነቀፍ አይደለም። በፓሪስ የሥዕል አካዳሚ ከቆመበት ከ1648 ዓመተ ምሕረት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር፥ ጀምሮ ተማሪው ቀለም ከመንካቱ በፊት ዓመታት ሙሉ የእጅንና የፊትን መልክ በእርሳስ ሲነድፍ ይኖር ነበር፤ እንደ እኛ ዜማ ተማሪ መድከም ነው። ከዚያ ወገን የሆነው ዊልያም ቡግሮ በ1875 ልጁ ቢሞትበት በማግሥቱ ዓመት እመቤታችንን የልጇን ሥጋ ታቅፋ ሣላት። ይህ የአንድ አባት ልቅሶ ነው። ልቅሶው ግን የእርሱ፥ የአገሩም ነው። ከእንዲህ ያለ ሥራ ተቀድቶ፥ ቅጁም እንደ ገና ተቀድቶ በወረቀት ሲታተም ልቅሶው ይቀርና ቀለሙ ብቻ ይቀራል።

አሁን ወደ ጎረቤታችን ወደ አንኮበር ልጅ እንመለስ። አፈወርቅ ተክሌ በ1925 ዓ.ም. ተወልደው፥ የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ ወደ እንግሊዝ ተላኩ፤ ዝንባሌያቸው ግን ወደ ሥዕል ስለ ነበረ በለንደን ስሌድ በተባለው ስመ ጥር ትምህርት ቤት ተማሩ። ከዚያ በኋላ ያደረጉትን አንባቢ ልብ ይበል። የባሕር ማዶውን ጥበብ ካወቁ በኋላ በለንደን፥ በፓሪስና በቫቲካን ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠው በብራና ላይ ያሉትን የኢትዮጵያ ሥዕሎች መረመሩ። ስለዚህም በ1953 ዓ.ም. በተመረቀው በአፍሪካ አዳራሽ ባለ 150 ካሬ ሜትሩን የመስተዋት ሥዕል ሲሠሩ፥ የአዲስ አበባንም የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል በሥዕል ሲያስጌጡ፥ እጃቸው ለንደን የተማረ፥ ዐይናቸው ግን ብራና ያየ ነበረ። ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስም ሥራቸውን አልተዉም።

እንግዲህ ንጽጽሩ አያሳፍርምን? እርሳቸው የአባቶቻቸውን ሥዕል ለማየት ባሕር ተሻገሩ፤ እኛ ግን በደጃችን ያለውን በእጃችን እናጠፋለን። ይህን የምጽፍ እኔ በመንዝ ስሙን ከማልጠራው አንድ ደብር ገብቼ፥ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በጨርቅ ተለጥፎ የነበረው የጥንት ሥዕል ተልጦ፥ ተጠቅልሎ፥ ክዳኑ በሚያፈስ ዕቃ ቤት ጥግ ወድቆ አገኘሁት። በስፍራው ከገበያ የተገዛ የወረቀት ሥዕል በሚስማር ተመትቶ ነበር። ስለ ምን እንዲህ ሆነ ብዬ ብጠይቅ ቄሰ ገበዙ፥ «ልጄ፥ አሮጌው ጠቍሮ ነበር፤ ይህ ያበራል» አሉኝ። አዛውንቱ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ያስተማራቸው የለም እንጂ። ያን ሥዕል የላጠው እጅ ግን ከፓሪስም ከለንደንም የመጣ አይደለም። «በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቈጠራል» የተባለው በእኛ ደረሰ።

ባለ ሁለት ዐይኑ ይሁዳም ከወረቀት ጋር የገባው እንዲህ ነው። ወረቀቱን የገዛ ሰው የሥዕሉን ሥርዓት አልጠየቀም፤ ዋጋውን ብቻ ጠየቀ። የተማረ ሠዓሊ ቢጠራ ኖሮ ሥርዓቱን የሚነግረው ሊቅ ከአጠገቡ ይቆም ነበር፤ ከወረቀት ጋር ግን ማን ይከራከራል?

ስለዚህ በመንዝ፥ በግሼና በመርሐቤቴ ያላችሁ አባቶች ሆይ፥ ሦስት ነገር እንለምናችኋለን። አንደኛ፥ የጥንት ሥዕል ጠቈረ ተብሎ አይላጥ፥ በዘይት ቀለምም አይደለዝ፤ የሚጠግን ባለሙያ እስኪገኝ ክዳኑ ይጠገንለት። ሁለተኛ፥ የሰበካ ጉባኤ አዲስ ሥዕል ባሰበ ጊዜ የወረቀቱን ገንዘብ አጠራቅሞ ሠዓሊ ይጥራ፥ ሥርዓቱን የሚያውቅ መምህርም ያቁምለት። ሦስተኛ፥ እጁ ለሥዕል የተፈታ ዲያቆን ቢገኝ በ1950 ዓ.ም. ግድም አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ ወደ መሠረቱት የሥዕል ትምህርት ቤት ይላክ፤ ነገር ግን ሳይሄድ በፊት የደብሩን ግድግዳና ብራና ጠግቦ ይይ።

ይህን ሳናደርግ የአንኮበሩን ልጅ ብንከስስ ሙግቱን እንረታለን ብለን አንመን። የልጅ ልጆቻችን ባዶውን ግድግዳ አይተው ማን ላጠው ብለው ይጠይቃሉ፤ መልሱም የሩቅ አገር ስም አይሆንም።