አንድ ስም፣ ብዙ ቤት



የአገራችን ሰው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል። ይህ አባባል እንደ ቃሉ የተፈጸመበት አንድ ቤት አለ፤ የካህኑ የዘካርያስና የሚስቱ የኤልሳቤጥ ቤት። ሕፃኑ ገና ሳይፀነስ መልአኩ ስሙን ለአባቱ ነገረው። በስምንተኛው ቀን ዘመድና ጎረቤት ተሰብስበው በአባቱ ስም ሊጠሩት ሲሉ እናቱ እምቢ አለች። እነርሱም ከወገኗ በዚህ ስም የሚጠራ ሰው እንደሌለ እያነሡ ተከራከሯት። በመጨረሻ አንደበቱ ተዘግቶ የቆየው አባት ሰሌዳ አስመጥቶ የልጁ ስም ዮሐንስ መሆኑን ጻፈ (ሉቃ. 1፥59-63)።

ዮሐንስ ማለት እግዚአብሔር ጸጋን ሰጠ ማለት ነው። በዚያ ቤተሰብ እንግዳ የነበረው ስም ከዚያ ወዲህ ያልገባበት አገር የለም ማለት ይቻላል። እንግሊዙ ጆን፣ ፈረንሳዩ ዣን፣ ቼኩ ያን፣ ሩሲያዊው ኢቫን ይለዋል። እኛም የዘመን መለወጫችንን ቅዱስ ዮሐንስ ብለን እንጠራለን። በ17ኛው መቶ ዘመን ከነገሡት ከቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1889 መተማ ላይ እስከ ወደቁት እስከ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ድረስ ነገሥታቶቻችን ነግሠውበታል።

ዛሬ በተለያየ ዘመን የኖሩ ጥቂት ዮሐንሶችን ይዤላችሁ ቀርቤአለሁ። ስለ ስብከታቸውና ስለ መጽሐፎቻቸው ብዙ ተብሏል። እኔ የማነሣው ግን ከመድረክ ወርደው ወደ ቤታቸው ሲገቡ ምን ዓይነት ሰዎች እንደ ነበሩ ነው። ስማቸው አንድ ነው፤ ቤታቸው ግን አንድ አይደለም።

ከመጥምቁ በፊትና በኋላ

ስሙ በዘካርያስ ዘመዶች መካከል ባይኖርም በእስራኤል ዘንድ የቆየ ስም ነበር። ኢየሩሳሌም በባቢሎናውያን እጅ ከፈረሰች በኋላ ከቀረው ሕዝብ አለቆች አንዱ የቃሬያ ልጅ ዮሐናን ይባላል፤ ያው ስም ነው። እርሱና ጓደኞቹ ኤርምያስ ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይላቸው ለመኑ፤ መልሱ ቢጥማቸውም ባይጥማቸውም ሊታዘዙ ማሉ። መልሱ በአገራቸው እንዲቀመጡ የሚያዝ ሆኖ ሲመጣ ግን ነቢዩን ውሸታም ብለው ሕዝቡን ይዘው ወደ ግብፅ ወረዱ (ኤር. 42-43)። በስሙ ጸጋ ነበረ፤ በልቡ ግን መታዘዝ አልነበረም።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 4ን ስታነቡ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጴጥሮስና ዮሐንስ በሸንጎ ፊት ቆመዋል። በዳኝነት ከተቀመጡት የካህናት አለቆች ወገን አንዱም ስሙ ዮሐንስ ነው (ቁ. 6)። አንዱ ዮሐንስ ስለ ኢየሱስ ሲመሰክር ሌላው ዮሐንስ አፉን ሊያዘጋው ከሚዝቱት ጋር ተቀምጧል። ስማቸው አንድ ሆኖ ሳለ የቆሙበት ስፍራ ተቃራኒ ነበር።

የመበለቲቱ ልጅ

በአራተኛው መቶ ዘመን በአንጾኪያ አንቱሳ የምትባል ሴት በሃያ ዓመቷ ገደማ ባሏ ሞተባት። እንደገና ሳታገባ አንድ ወንድ ልጇን አሳደገች፤ አስተማረች። ያ ልጅ በኋላ የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ የሆነው፣ እኛም ዮሐንስ አፈወርቅ ብለን የምናውቀው ሰባኪ ነው። ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ አንድ ነገር ይነግረናል። ወደ ምንኩስና ሊሄድ ሲነሣ እናቱ እጁን ይዛ ወደ ተወለደበት ክፍል አስገባችው፤ ሁለተኛ መበለት እንዳያደርጋትም አልቅሳ ለመነችው።

ዮሐንስ ራሱ አላገባም። ይሁን እንጂ በኤፌሶን ምዕራፍ 5 ላይ የሰበከው ስብከት ዛሬ ለሙሽሮች ቢሰጥ የትናንት አይመስልም። ቤት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን እንደ ሆነ አስተማረ። ባልና ሚስት ስለ ገንዘብ ሲነጋገሩ የእኔና የአንቺ መባባልን እንዲተዉ መከረ። ባል ሚስቱን በዛቻና በማስፈራራት ሊገዛት እንደማይገባው፣ ፍቅሯን ከሁሉ እንደሚያስበልጥ በአፉ እንዲነግራት አሳሰበ። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ407 በስደት መንገድ ላይ ሞተ። ስለ ትዳር እንዲህ እንዲናገር ያስቻለው አንዲት መበለት የከፈለችውን ዋጋ እያየ ማደጉም ይመስለኛል። እህቶቼ፣ ልጆቻችሁን ብቻችሁን የምታሳድጉ፣ አንቱሳን አስቧት።

ስለ መልክ የማይጨነቀው ባል

በእንግሊዝ ጆን ዊክሊፍ፣ በቦሔሚያ እ.ኤ.አ. በ1415 በእሳት የተቃጠለው ያን ሁስ ይህንኑ ስም ይዘው አልፈዋል። ሁለቱም ትዳር ያልነበራቸው ካህናት ናቸውና አልፌያቸው ወደ ዣን ካልቪን ልሂድ።

ካልቪን ወዳጆቹ ሚስት ሲፈልጉለት በደብዳቤ መልሶ ስለ ቁንጅና ብዙ እንደማይጨነቅ ነገራቸው። የሚፈልጋት ንጽሕት፣ ቆጣቢ፣ ታጋሽና ለጤናው የምታስብ ሴት ነበረች። እህቶች ይህን ስታነቡ «ሚስት ነው የፈለገው ወይስ አስታማሚ?» ሳትሉ አትቀሩም! እ.ኤ.አ. በ1540 ኢደሌት የምትባል ሴት አገባ። የሁለት ልጆች እናት ስትሆን ባሏ በወረርሽኝ የሞተባት መበለት ነበረች። የፊተኛው ባሏ ስምም ዣን ነበር። ዮሐንስን ቀብራ ዮሐንስን አገባች ማለት ነው።

በ1542 የተወለደላቸው ወንድ ልጅ ብዙ ሳይቆይ ሞተ። ኢደሌትም ከረጅም ሕመም በኋላ በ1549 ዐረፈች። ሞቷ ሲቃረብ ካልቪን የፊተኛው ባሏን ልጆች እንደ ራሱ ልጆች እንደሚያያቸው ቃል ገባላት። እርስዋም አስቀድማ ለጌታ አደራ እንደ ሰጠቻቸው መለሰችለት። ብዙዎች ቀዝቃዛ ሰው ነበር የሚሉት ካልቪን ለወዳጁ ሲጽፍ የሕይወቱን ምርጥ ጓደኛ እንዳጣ ገለጠ። ከዚያ በኋላ በሕይወት በቆየባቸው 15 ዓመታት ሌላ አላገባም። ቁንጅናን ሳይፈልግ የገባበት ቤት ፍቅርን አስተማረው።

በእስር ቤት ያለው ዮሐንስ

ጆን ቡንያን ብረት ድስትና መጥበሻ እየጠገነ የሚኖር ድሃ ነበር። ከመጀመሪያ ሚስቱ ጋር ሲጋቡ አንድ ሳህንና ማንኪያ እንኳ አልነበራቸውም፤ እርስዋ ከአባቷ ቤት ያመጣችው ሁለት መንፈሳዊ መጽሐፍ ብቻ ነበር። አራት ልጆች ወልዳለት ሞተች። ከልጆቹ ታላቂቱ ሜሪ ዓይነ ስውር ናት። ቡንያን ኤልሳቤጥ የምትባል ወጣት አገባ። ከሠርጋቸው በኋላ ብዙ ሳይቆይ፣ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1660፣ ያለ ፈቃድ ሰብኳል ተብሎ ታሰረ።

ኤልሳቤጥ በዚያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበረች። በድንጋጤው ያለ ጊዜዋ ምጥ ያዛት፤ የወለደችውም ሕፃን ሞተ። በዚህ ሐዘን ውስጥ ሆና ለባሏ ልታመለክት እስከ ለንደን ሄደች። በ1661 ደግሞ በቤድፎርድ ከተማ በዳኞች ፊት ቀረበች። አራት ትንንሽ ልጆች እንዳሉዋት፣ አንዲቱ ዓይነ ስውር እንደ ሆነች፣ የሚኖሩትም በሰው ምጽዋት እንደ ሆነ ነገረቻቸው። ባሏ መስበኩን ይተው እንደ ሆነ ሲጠይቋት፣ መናገር እስከቻለ ድረስ ሊተው እንደማይደፍር መለሰችላቸው። ልብ በሉ! አንድ አዎንታ ብትሰጣቸው ባሏን ወደ ቤቷ ልትመልሰው ትችል ነበር።

ቡንያን በእስር ቤት የጫማ ማሰሪያ እየሠራ በሽያጩ ቤተሰቡን ሊረዳ ሞከረ። ከሚስቱና ከልጆቹ፣ ይልቁንም ከዓይነ ስውሯ ሜሪ መለየቱ ሥጋው ከአጥንቱ እንደሚላቀቅ ያህል እንደ ተሰማው ጽፏል። 12 ዓመት ታስሮ በ1672 ተፈታ። ወደ ሰማያዊት ከተማ ስለሚጓዘው መንገደኛ የጻፈው መጽሐፍ በ1678 ታተመ። መጽሐፉ ወደ አማርኛ ከተተረጎመ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የኤልሳቤጥን ስም ግን ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

መንገድ የወሰደው ባል

እንግዲህ ወደ ጆን ዌስሊ እንምጣ። ዌስሊ ወንጌልን ይዞ እንግሊዝን በፈረስ ያካለለ ታላቅ የጌታ ባሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1751 የአራት ልጆች እናት የሆነችውን መበለት ሜሪ ቫዜይልን አገባ። በተጋቡ በሁለተኛው ወር ገደማ በማስታወሻው ላይ የጻፈው ሐሳብ ግን ያሳዝናል። አንድ ሰባኪ ስላገባ አንድ ስብከት መቀነስ፣ ወይም አንድ ቀን ከመንገድ መቅረት እንደማይገባው ጻፈ።

ሜሪ መጀመሪያ አብራው ለመጓዝ ሞከረች። ዝናቡ፣ ብርዱ፣ ጭቃው፣ የሚወረወረው ድንጋይ በረታባት። ቤት ስትቀር ደግሞ ብቸኝነቱ ቅናትን ወለደ። ለአገልጋይ ሴቶች የሚጽፋቸውን ደብዳቤዎች ትከፍት ጀመር፤ ቁጣዋም አደባባይ ወጣ። ደጋግማ ጥላው ሄደች። በ1771 ስትሄድ መልሶ እንደማይጠራት ጻፈ። በ1781 ስትሞት ዌስሊ ለአገልግሎት ወጥቶ ነበር። ወደ ለንደን የተመለሰው በተቀበረችበት ቀን ነው፤ መቀበሯን ግን የሰማው ከዚያ በኋላ ነው።

የአገልጋይ ሚስት ነኝና ይህን ታሪክ ሳነብ ለማን ልፍረድ? የሜሪ ቅናትና ንዴት ቤት አፍራሽ ነበር፤ አላስተባብልም። ነገር ግን ከመንገዱ አንድ ቀን ላለመቀነስ የወሰነ ሰው የቀነሰው ከሚስቱ ነው። ቡንያንም ከቤቱ 12 ዓመት ተለይቷል፤ ቤቱ ግን አልፈረሰም። እርሱን ከሚስቱ የለየው የእስር ቤት በር ስለ ነበረ ኤልሳቤጥ በዚያ መከራ ተካፋይ ነበረች። ዌስሊን የለየው የራሱ ፕሮግራም ነው። ሚስት በመሥዋዕቱ ተካፋይ ስትሆንና ራስዋ መሥዋዕቱ ስትሆን ልዩነቱ የሰማይና የምድር ያህል ነው።

ከመርከቡ በታች

በመጨረሻ ጆን ኒውተንን እናንሣ። ስለ አስደናቂው ጸጋ የጻፈው መዝሙር በዓለም ሁሉ ይዘመራል። ሜሪ ካትሌትን በ17 ዓመቱ አይቶ ወደዳት፤ እ.ኤ.አ. በ1750 አገባት። እስክትሞት ድረስ 40 ዓመት በፍቅር ኖሩ። ልጅ ስላልወለዱ ወላጅ ያጡ የእኅትና የወንድም ልጆችን ወስደው አሳደጉ። በ1790 ስትሞት የቀብር ስብከቷን የሰበከው ራሱ ነው። ለእርስዋ የጻፋቸው ደብዳቤዎችም በ1793 በመጽሐፍ ታተሙ።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ደስ ባለን። ነገር ግን ከእነዚያ የፍቅር ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የተጻፉት በባሪያ መርከብ ላይ ነው። ኒውተን ከተጋቡ በኋላ እስከ 1754 ድረስ የባሪያ መርከብ አዛዥ ነበር። እርሱ ከላይ ተቀምጦ ስለ ሚስቱ ናፍቆት ሲጽፍ፣ ከእግሩ በታች በሰንሰለት የታሰሩ አፍሪካውያን ባሎችና ሚስቶች፣ እናቶችና ልጆች ለዘላለም ተለያይተው ይጫኑ ነበር። በዚያን ጊዜ ራሱን አማኝ አድርጎ ይቆጥር ነበር፤ ያደርሰው የነበረው ግፍ ግን ገና አልታየውም። በ1788 ባሳተመው ጽሑፍ ያደረገውን ሁሉ በአደባባይ ተናዘዘ፤ ንግዱ እንዲቆምም መሰከረ። የእንግሊዝ ፓርላማ የባሪያ ንግድን የከለከለው እርሱ በሞተበት ዓመት፣ በ1807 ነው።

ጸጋ ይህን ያህል ትዕግሥተኛ ነው። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ጥሎልን ያልፋል። የራሳችንን ሚስት፣ የራሳችንን ልጅ እየወደድን በቤታችን የምትሠራውን ልጅ፣ የሰው ልጅ መሆኗን ረስተን ይሆን? ናፍቆት የሚያውቅ ልብ የሌላውንም ናፍቆት ማየት አለበት።

እናንተስ ምን ስም ሰጣችሁ?

ውድ ባለትዳሮች፣ ለልጆቻችን ስም ስናወጣ መጽሐፍ ቅዱስ እንገልጣለን፤ እንጸልያለን፤ አያቶችን እናማክራለን። መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እንዳትረሱ። በእኛ አገር ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የሚጽፈው የአባቱን ስም ነው። በትምህርት ቤት መዝገብ፣ በፈተና ወረቀት፣ በፓስፖርት፣ በሠርግ ጥሪው ላይ ይከተለዋል። ስለዚህ፣ ወንድሞቼ፣ ለልጃችሁ የመረጣችሁለት ስም አንድ ብቻ አይደለም። ሁለተኛውን ስም በየቀኑ በአኗኗራችሁ እየጻፋችሁለት ነው። ልጁ የአባቱን ስም ሲጠየቅ ቀና ብሎ ይናገር ወይስ አንገቱን ይድፋ፣ የሚወሰነው በስም ቀን አይደለም። እኛም እህቶች ስማችን በመዝገቡ ላይ ባይጻፍ፣ የአንቱሳና የኤልሳቤጥ ሥራ በልጅና በባል ልብ ላይ ተጽፎ እንደሚቀር እንወቅ።

በዚህ ሳምንት አንድ ምሽት ቴሌቪዥኑን አጥፍታችሁ፣ ልጆች ከተኙ በኋላ ተቀምጣችሁ በእነዚህ ጥያቄዎች ተነጋገሩ።

1. ለአገልግሎት ወይም ለሥራ ብለን ከቤታችን የወሰድነው ጊዜ ሁለታችን ተስማምተን የሰጠነው ነው ወይስ አንዳችን የተነጠቅነው?
2. እንደምንዋደድ በቃል የተነጋገርነው መቼ ነው?
3. በቤታችን ጣሪያ ሥር እየኖረ ፍቅራችን ያልደረሰው ሰው ማን ነው?
4. ልጆቻችን ስማችንን ሲሰሙ መጀመሪያ የሚያስታውሱት ምንድን ነው?

ስትነጋገሩ አንዱ ከሳሽ ሌላው ተከሳሽ አይሁን። የቃሬያ ልጅ ዮሐናን የጠየቀውን መልስ ሲሰማ እምቢ አለ፤ እናንተ ግን የምትሰሙትን ለመቀበል ተዘጋጅታችሁ ተቀመጡ። ለዘካርያስና ለኤልሳቤጥ ቤት በስተርጅና ጸጋን የሰጠ እግዚአብሔር ለእናንተም ቤት ይስጥ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ!