ለአንድ ሰው የተሰፋ ደመወዝ

ሲያትል ውስጥ፣ ከሥራ መልስ ቡና ይዘው በተቀመጡ አበሾች መካከል፣ ብርዱ ለቀቅ ማለት ሲጀምር የሚነሳ ወሬ አለ። አላስካ ሂዱ ይባላል። ሰው የለም፣ ሥራ ሞልቷል፣ ኦቨርታይሙ አያልቅም፣ መንግሥትም እዚያ ስለኖራችሁ ብቻ ይከፍላችኋል። ምክሩ በተለይ የሚነጣጠረው ገና አገር በገቡ ወጣት ባልና ሚስቶች ላይ ነው። ልጅ የለም፣ ዕዳ የለም፣ ጉልበት አለ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ጥርሳቸውን ነክሰው ብርዱን ቢችሉት ለቤት መግዣ ቋጥረው ይመለሳሉ። ስሌቱ የአንድ ሰው ደመወዝ ሲደመር የአንድ ሰው ደመወዝ ነው። ስህተቱም እዚያው መደመሪያው ላይ ነው።

መጀመሪያ "መንግሥት ይከፍላል" የሚለው። ነገሩ ፈጠራ አይደለም። አላስካ እ.ኤ.አ. በ1976 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከነዳጅ ገቢዋ ከፊሉ የሚጠራቀምበት ቋሚ ፈንድ አቋቋመች፤ ከ1982 ጀምሮም ከዚያ ላይ ለነዋሪዋ በነፍስ ወከፍ ታከፋፍላለች። በ2022 ለአንድ ሰው 3,284 ዶላር ደርሶ ነበር፤ ወሬውም እዚያች ዓመት ላይ ቆሞ ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ወደ 1,312 ወረደ፣ በ2024 1,702 ሆነ፣ በ2025 ደግሞ ልክ 1,000 ዶላር። የ1982ቱ የመጀመሪያ ክፍያም 1,000 ዶላር ነበር። በእነዚህ 43 ዓመታት ወተትና የቤት ኪራይ የት እንደደረሱ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም።

ለአዲስ ገቢም ቢሆን ወዲያው አይሰጥም። ሕጉ ከማመልከቻው በፊት ያለውን ዓመት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ሙሉውን እዚያ መኖርን ይጠይቃል። በጁን 2024 የገቡ ባልና ሚስት የዚያ ዓመት ኑሯቸው አይቆጠርላቸውም፤ 2025ን ጨርሰው፣ በ2026 መጀመሪያ አመልክተው፣ ገንዘቡን የሚያዩት በዚያው ዓመት ኦክቶበር አካባቢ ነው። ነጻ መሬት ይሰጣል የሚለውማ የባሰ ነው። ሰፍሮ ላለማ መሬት ያስረክብ የነበረው የፌዴራል ሕግ በአላስካ ያበቃው በ1986 ነው፤ ወሬው ግን መርዶውን እስከ ዛሬ አልሰማም።

ወደ ኦቨርታይሙ ስንመጣ መካሪዎቹ አይዋሹም። የሚጎድላቸው ካላንደር ነው። በብሪስቶል ቤይ ሳልመን ከባሕር ወደ ወንዝ የሚተምበት ወቅት በጁን አጋማሽ ይጀምርና ጁላይ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። በእነዚያ ሳምንታት በዓሣ ፋብሪካ በቀን 16 ሰዓት መቆም ብርቅ አይደለም። ሠራተኛው ፕላስቲክ ልብሱንና ቦት ጫማውን ለብሶ፣ ጓንት ደራርቦ፣ ጆሮውን ከማሽኑ ጩኸት ደፍኖ ይቆማል። ሆዱ የተሰነጠቀ ዓሣ ፊቱ ሲደርስ አከርካሪው ሥር የረጋውን ደም በማንኪያ መሰል መፋቂያ ይጠርጋል፤ ያሳልፋል፤ ሌላው ይመጣል። ውሃው በረዶ ነው። ጠዋት ሲነሳ ጣቶቹ መፋቂያ እንደጨበጡ ያድራሉና አንድ በአንድ በሌላው እጁ ይዘረጋቸዋል።

ሒሳቡን እንሥራው። በጁላይ 2025 የአላስካ ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 13 ዶላር ሆኗል። በቀን 16 ሰዓት ሰባቱንም ቀን የሠራ ሰው በሳምንት 112 ሰዓት ይሞላል፤ 40ው በመደበኛው፣ 72ቱ በአንድ ተኩል ሲታሰብ 1,924 ዶላር ይሆናል። ለስድስት ሳምንት 11,544፤ ያውም ታክስ ሳይነካው። ይህ ነው በቡናው ላይ የሚጠራው ቁጥር። ያንኑ ለ12 ወር ቢያካፍሉት ግን በወር 962 ዶላር ነው። ፋብሪካው በሰዓት አምስት ስድስት ዶላር ቢጨምር እንኳ ኦገስት ላይ ሥራው ማለቁ አይቀርም። በዚህ ላይ በብዙ ፋብሪካ ማደሪያው ተደራራቢ አልጋ ስለሆነ ወንዶቹ ከወንዶች፣ ሴቶቹ ከሴቶች ጋር ነው የሚያድሩት። ኑሮ ለመመሥረት አብረው የሄዱ ባልና ሚስት ሌሊታቸውን የሚያሳልፉት በየፊናቸው ነው።

የቱሪስቱም ሥራ ዕድሜው ከዚህ ብዙ አይረዝምም። በዴናሊ ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ የተደረደሩት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች በሜይ ተከፍተው በሴፕቴምበር አጋማሽ መስኮታቸውን በጣውላ መጠርቀም ይጀምራሉ። አስተናጋጁም፣ ሾፌሩም፣ አልጋ አንጣፊዋም ሻንጣቸውን ይዘው ይበተናሉ።

ታዲያ የአላስካ ስም ከየት መጣ? እውነት ከሆነበት ዘመን። በ1968 ፕሩዶ ቤይ ላይ ነዳጅ ተገኘ፤ በ1970ዎቹ አጋማሽ ከዚያ እስከ ቫልዲዝ ወደብ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ቧንቧ ተዘረጋ፤ ሥራው በደራበት ጊዜ በአንድ ወቅት 28,000 ያህል ሰው ተሰማርቶበታል። ብየዳ የሚችል ሁሉ ብር ያፈሰበት ጊዜ ነበር። ቧንቧው በ1977 አለቀ። በ1986 የነዳጅ ዋጋ ሲወድቅ ባንኮች ተዘጉ፣ ባለቤቶቻቸው ዕዳውን መክፈል ያቃታቸው ቤቶች ባዶ ቀሩ። ምርቱ በ1988 በቀን ሁለት ሚሊዮን በርሜል ደርሶ ከዚያ ቁልቁል ወርዷል፤ ዛሬ ሩቡን አይሞላም።

በዚያ ቀዝቃዛ የነዳጅ ሜዳ ላይ ዛሬም ደህና ይከፈላል። የሚከፈለው ግን ካምፕ ገብቶ፣ ለምሳሌ ሁለት ሳምንት ሠርቶ፣ ሁለት ሳምንት ለእረፍት ለሚወጣ ሰው ነው፤ ሚስት ወይም ባል ይዞ የሚገባበት ሰፈር የለም። ከነዳጅ ሠራተኞቹ ከሦስት አንዱ በላይ፣ ከዓሣ ፋብሪካ ሠራተኞቹ ደግሞ ከአምስቱ አራቱ ያህል የግዛቱ ነዋሪ አይደሉም። ደመወዙን አላስካ ይቀበሉታል፣ ቴክሳስ ወይም ዋሽንግተን ይበሉታል። ይህ የሥራው ጉድለት ሳይሆን አሠራሩ ነው። ክፍያው ከፍ ያለው ቤተሰቡን ሌላ ቦታ ትቶ ለሚመጣ ለአንድ ሰው ተሰልቶ ነው፤ ጎጆ ሊቀልሱበት ለሚያስቡ ለሁለት ሰዎች የተቆረጠ ልብስ አይደለም።

መካሪው ግን አንድ ክርክር ይቀረዋል፦ ሰው ከሌለ ፉክክር የለም። አላስካ ስፋቷ የኢትዮጵያን አንድ ተኩል እጥፍ ገደማ ነው፤ በ2020 ቆጠራ ሕዝቧ 733,000 ገደማ ነበር፤ ከዚህም 40 በመቶ ያህሉ አንከሬጅ ከተማ ውስጥ ነው። ሰው በሌለበት ፉክክር አለመኖሩ ልክ ነው። የሚጠበቅ ፓርኪንግ፣ የሚሳፈር መንገደኛ፣ ምሽት ላይ የሚያዝ ምግብ፣ የሚሠራ ጸጉርም የለም። የግዛቲቱ የሥራ አጥ መጠን ከአሜሪካ አማካይ በላይ መሆኑ የቆየ ነገር ነው። ከ2013 ወዲህ ደግሞ በየዓመቱ ከሚገባው ይልቅ የሚወጣው ሰው በልጧል፤ የሚወጡትም ብርዱ የማያስደነግጣቸው፣ እዚያው ተወልደው ያደጉ ጭምር ናቸው።

በስደት የሚገኝ የመጀመሪያ ሥራ እንዴት እንደሚገኝም አበሻ ጠፍቶት አይደለም። የአክስት ልጅ ለሱፐርቫይዘሩ ትናገራለች፤ አንዱ ኤርፖርት ያስገባል፤ ሌላው መኪናውን ያውሳል፤ ልጅ ሲወለድ ጎረቤት ያለች እናት በቀን ትይዛለች። ሲያትል ላይ ይህ ሁሉ በስልክ ርቀት ነው። ማንም ወደሌለበት የሄደ ፉክክሩን ብቻ ሳይሆን ይህንንም ጥሎት ይሄዳል።

ባልና ሚስቱ ፌርባንክስ የምትባለው የአላስካ ከተማ ደርሰዋል እንበል፤ ባልየው መጋዘን ገባ። ዲሴምበር ሲጋመስ የቀኑ ብርሃን ከአራት ሰዓት ያንሳል፤ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 40 የሚገባበት ቀን አለ፤ በሴልሺየስም በፋራናይትም ያው 40 ነው፣ ሁለቱ መለኪያዎች የሚታረቁት እዚህ ብርድ ላይ ነው። መኪኖች ከአፍንጫቸው የኤሌክትሪክ ገመድ ተንጠልጥሎ ይታያል፤ ሞተሩ እንዳይደርቅ ሌሊቱን፣ ሥራ ቦታም ፓርኪንጉ ላይ፣ ግድግዳ ወይም ምሰሶ ላይ ይሰካል። መኪናዋ አንድ ናት። እሱ በሌሊት ሺፍት ይዟት ሲሄድ ሚስቱ የምትገባበት ሥራ በእግር የሚደረስ መሆን አለበት፤ በዚያ ብርድ በእግር የሚደረስ ሥራ ደግሞ ጎረቤት ያለ ሱቅ ካልሆነ የለም። ሁለተኛ መኪና፣ የክረምት ጎማ፣ ኢንሹራንስ፣ የቤት ማሞቂያ ነዳጅ ሲደመር የእሷ የመጀመሪያ ወራት ደመወዝ ሥራ ለመሄጃ የተከፈለ ዋጋ ይሆናል።

በከተማዋ አካባቢ ደህና ቀጣሪ አለ፦ የጦር ካምፑ፣ የአየር ኃይሉ ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ሆስፒታሉ። የፌዴራል መንግሥት ሲቪል ሥራ ግን በአብዛኛው የሚፈልገው ዜጋ ነው። በዲቪ የገባ ሰው ዜግነት ለመጠየቅ ብቻ አምስት ዓመት ገደማ ይጠብቃል። አዲስ አበባ ላይ ነርስ የነበረችም የትምህርት ማስረጃዋን አስገምግማ የአሜሪካውን ፈተና እስክታልፍ ድረስ በሆስፒታሉ በር የምትገባው በረዳትነት ነው። ያንኑ ወረፋ ሲያትል ላይ ብትጠብቅ ቢያንስ ባቡር አለላት።

የሚቀናቸው ጥንዶች የሉም ማለት አይደለም። ሁለቱም የማስተማር ፈቃድ ያላቸው ከሆነ ነገሩ ይገለበጣል። መንገድ የማይደርስባቸው መንደሮች መምህር አጥተው እስከ ፊሊፒንስ ድረስ ሄደው ይቀጥራሉ፤ መኖሪያ ቤት እጥረት ስላለም በአንድ ቤት የሚኖሩ ሁለት አስተማሪዎች ይወደዳሉ። እነዚህ ግን ሥራቸውን ይዘው የሄዱ ናቸው፤ ቡናው ላይ የሚመከሩት ሥራ ሊፈልጉ የሚሄዱት ናቸው።

ለእነሱ የሚቀረው መፍትሔ ሁለቱም አንድ ፋብሪካ መግባት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ፋብሪካ ከተገኘ። ኪንግ ኮቭ የምትባለው የአሉሺያን አካባቢ መንደር እንዲህ ያለ ነበራት። ከአንድ መቶ ዓመት በላይ የሠራ የዓሣ ፋብሪካ፣ በ2020 ቆጠራ 757 ሰው፣ ከፋብሪካው ሌላ ይህ ነው የሚባል ቀጣሪ አልነበራትም። በጃንዋሪ 2024 የክረምቱ ሥራ ሊጀመር ሲገባ ፋብሪካው አልከፈተም፤ ኩባንያው በዚያው ዓመት ጸደይ በዕዳ ምክንያት ፍርድ ቤት በሾመው አስተዳዳሪ እጅ ገባ። በእንዲህ ያለ መንደር የባልና የሚስት ደመወዝ ሁለት ቼክ ይሁን እንጂ የሚቆመው በአንድ ቀን ነው። ጓዝ ጭኖ ወደ ቀጣዩ ከተማ የሚኬድበት የመኪና መንገድ የለም፤ መውጫው ጀልባና ትንሽ አውሮፕላን ነው፤ ነፋሱ ካልፈቀደ አውሮፕላኑም አይነሳም።